ከቡሬ የመጣው ቀጭን ጊታር

ሁንዴሳ ጎንፋ መቱ ውስጥ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። ሱቁ ከገበያው ወደ ጎሬ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከአንድ ልብስ ሰፊ ቤት ጋር ግድግዳ የምትጋራ ጠባብ ክፍል ናት። በስድሳዎቹ መጀመሪያ ሬዲዮ ያለው የመቱ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል አንድ ቀን እዚያች ክፍል በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ የሬዲዮው ጀርባ ተከፍቶ እያየ፣ «ይድናል?» ብሎ ጠይቋል። ሁንዴሳ ቶሎ አይመልስም። መጀመሪያ ጎንበስ ብሎ ያሸታል፤ የተቃጠለውን ዕቃ በሽታው ነበር የሚለየው። የማያውቀውን ዐውቃለሁ ሲል የሰማው ስለሌለ ሰው ያምነዋል።

እኔ በአውራጃው ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ከደበሳ ጋር ስምንት ዓመት ፊት ለፊት ተቀምጬ ሠርቻለሁ። ደበሳ የሁንዴሳ የልብ ጓደኛ ነው። ይህን ነገር ግማሹን ከደበሳ፣ ግማሹን ከራሱ ከሁንዴሳ ሰምቻለሁ። የሠርጉ ዕለት ግን እኔም ዳሱ ውስጥ ነበርኩ።

ሁንዴሳ የኤሌክትሪክ ጊታር ነበረው። ጎሬ አጠገብ እንጨት ያሰነጥቅ የነበረ አንድ ጣሊያናዊ በ1957 ዓ.ም. አገሩ ሲገባ ነው የሸጠለት። ሆዱ ክፍት፣ ጎኑ ወፍራም፣ ድምፁ ከደረት የሚወጣ ዓይነት ነው። ማጉያውን ደግሞ ሁንዴሳ ራሱ ሠራው። የአንድ አሮጌ ሬዲዮ የሆድ ዕቃ አውጥቶ ብረት ሳጥን ውስጥ ገጠመውና ትልቅ ድምፅ ማውጫ አሰረለት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በእትዬ በየነች ሆቴል ሀረገወይን ስትዘፍን እሱ ይመታላታል።

ሀረገወይን ድምፅዋ ወፈር ያለ፣ ከዝቅታ የሚነሳ ነው። ችግሩም እዚያ ላይ ነበር። ጊታሩም ወፍራም፣ እሷም ወፍራም፤ ሁለቱ ሲገናኙ ቃሉ ይጠፋል። አንድ ቀን ዘፍና ስትጨርስ መጣችና፣ «ሁንዴሳ፣ ይሄ ጊታርህ እኔ በተቀመጥኩበት ወንበር ላይ ካልተቀመጥኩ ይላል» አለችው። እሱ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

በኅዳር 1963 እትዬ በየነች አስጠሩት። ልጃቸውን በጥር ሊድሩ ነው፤ ከጎሬና ከበደሌ፣ ከአዲስ አበባ ሳይቀር እንግዳ ይመጣል። ሙዚቃው ሞላ እንዲል ሁለተኛ ጊታር እንዲፈልግ ነገሩት። ካልሆነ ከጅማ ሙዚቀኞች እንደሚያስመጡ፣ ከመጡም ከሠርጉ በኋላ እንደሚያቆዩዋቸው አልደበቁትም። ሁንዴሳ ከሆቴሉ እያሰላ ወጣ። የሚመታ ሰው አለው፤ ደበሳ በእሱው ጊታር ሱቁ ውስጥ ሦስት ዓመት ተለማምዷል። የጠፋው ጊታሩ ነው።

አጠያይቆ ሁለት አገኘ። አንዱ ጎሬ፣ አንዱ ከጎሬ አልፎ በጋምቤላ መንገድ ያለችው ቡሬ።

በታኅሣሥ አንድ ሐሙስ ጠዋት ሁለቱ ጓደኛሞች ወፍራሙን ጊታር በብርድ ልብስ ጠቅልለው አውቶቡስ ተሳፈሩ። በመንገድ ያሉት ከተሞች ቀን ላይ መብራት ስለሌላቸው ሁንዴሳ አንድ ባትሪ የሚበላ ትንሽ ሬዲዮ ይዟል። ከውስጡ ሽቦ አውጥቶለት ነበርና ጊታር ሲያገናኙበት ድምፁን ያጎላል። ዐሳቡ አዲሱን ብቻውን ሳይሆን ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን ለመስማት ነው።

የጎሬው ጊታር የጋሼ ሸዋንግዛው ነው። ጋሼ ሸዋንግዛው ጡረታ የወጡ የጦር ሠራዊት ሙዚቀኛ ናቸው፤ ሳሎናቸው ውስጥ በሙሉ ልብስ የተነሱት ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ጊታሩን ከሣጥኑ ሲያወጡት ሁንዴሳ ጠጋ ብሎ አየው። የእሱ መንታ ነው። ያው ክፍት ሆድ፣ ያው ወፍራም ጎን፣ ግን ጭረት የሌለበት፣ መስታወት የሚመስል። ሲይዘው እጁ ሳይጠየቅ ቦታውን አገኘ።

«በዚህ ላይ ምን ምርጫ አለ?» አሉ ጋሼ ሸዋንግዛው።

ደበሳ ወፍራሙን ከብርድ ልብሱ አወጣና አብረው መቱ። ሁንዴሳ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ደበሳ ግን ዓይኑ ተከፍቶ መሬት መሬት ያያል። ሲጨርሱ ወፍራሙን መልሶ ጠቀለለው። ጋሼ ሸዋንግዛው የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ጊታሩን እንደጠየቃቸውና ቃል የሚጠብቁት ነገ አውቶቡሱ ከቡሬ እስኪመለስ ብቻ መሆኑን ነገሯቸው።

ወደ ቡሬ ሲሄዱ ሁንዴሳ ቡሬ መሄዱ ለምን እንዳስፈለገ ሁለት ጊዜ ጠየቀ። ደበሳ፣ «ካየነው ምን ይጎዳናል?» አለው። ቡሬ አድረው በማግስቱ ጠዋት ጊታሩ ያለበት ቤት ሄዱ።

የቡሬው ጊታር ባለቤት እትዬ ዘውደነሽ የሚባሉ ሻይ ቤት ያላቸው ሴት ናቸው። ደርበው የሚባለው ባላቸው ወደ ጋምቤላ የጭነት መኪና ይነዳ ነበር። ጊታሩን የገዛው ከድንበር ማዶ ከመጣ አንድ ሱዳናዊ ሙዚቀኛ ነው። ባለፈው ክረምት እዚያው ጋምቤላ ወባ ገደለው። እትዬ ዘውደነሽ ጊታሩን በነጠላ ጠቅልለው ከጓዳ አመጡና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ራቅ ብለው ቆሙ።

ሁንዴሳ አልወደደውም። ሆድ የሚባል ነገር የለውም፤ እንደ ጣውላ ድፍን ያለ፣ ቀጭን ነው። ሰማያዊ ቀለሙ ተልጧል። አንገቱ አንድ ጊዜ ተሰንጥቆ በማጣበቂያ ተይዟል። ጆሮውን እንጨቱ ላይ ለጥፎ ክሩን ነካ ነካ አደረገው፤ ስንጥቁ ሲጢጥ አይልም። ከትንሿ ሬዲዮ ጋር አገናኘው። ድምፁ ደረቅ፣ ቀጠን ያለ፣ የክራር ዓይነት ቶሎ ተነስቶ ቶሎ የሚያርፍ ነው።

«ሚቲ» አለ ሁንዴሳ በኦሮምኛ፣ ሴትየዋ እንዳይሰሙ ዝቅ አድርጎ። አይሆንም ማለቱ ነው።

«መጀመሪያ አብረን እንምታ» አለ ደበሳ።

ሁንዴሳ ወፍራሙን፣ ደበሳ ቀጭኑን ያዙና ሀረገወይን የምትወደውን ዜማ ጀመሩ። ወፍራሙ ከታች ሲሄድ ቀጭኑ ከላይ ጣል ጣል እያደረገ ያልፋል። በመካከላቸው ባዶ ቦታ ነበር። እትዬ ዘውደነሽ ብርጭቆ እያጠቡ ሳይታወቃቸው ማንጎራጎር ጀመሩ። የእሳቸውም ድምፅ ወፈር ያለ ነው፤ እያንዳንዷ ቃል ግን ጥርት ብላ ተሰማች። ደበሳ ቀና ብሎ ጓደኛውን አየው። ሁንዴሳም ሰምቷል።

ሁንዴሳ ግን አልተሸነፈም። ውጭ ወጥተው ተከራከሩ። የጎሬው አዲስ መሆኑን፣ ይሄኛው አንገቱ የተሰበረ መሆኑን፣ የሠርግ እንግዳ ዓይን እንዳለው ተናገረ። ወደ ጎሬ የሚመለሰው አውቶቡስ ጥሩምባውን ነፋ። ደበሳ ሁልጊዜ ለስላሳ ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን ፊቱ ቀላ።

«ጎሬ ሁለት ጊታር መታን፤ የተሰማው አንድ ነው» አለ። «ያንን ያህል የወደድከው የራስህን ስለሚመስል ነው። አንተ ያለህን ነው ደግመህ የምትገዛው። ለሀረገወይን የሚሆናትን ግን እዚህ ሰምተኸዋል።»

 ሁንዴሳ ተመልሶ ገባና ከእትዬ ዘውደነሽ ጋር በዋጋ ተስማማ። ሴትየዋ ነጠላውን ገፍፈው ጊታሩን በሁለት እጃቸው ሲሰጡት የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ግድግዳ ላይ እንዳይሰቅለው።

ጎሬ ላይ ወርደው ለጋሼ ሸዋንግዛው ቁርጡን ነገሯቸው። ሽማግሌው ቀጭኑን ጊታር ከላይ እስከ ታች አዩትና፣ «የእኔን ትተህ የሞተ ሰው ዕቃ ይዘህ ልትሄድ ነው? መልካም መንገድ» ብለው በሩን ዘጉ። ነገሩ በአንድ ሳምንት ውስጥ መቱ ደረሰ። ሀረገወይን ግን በልምምዱ ቀን፣ ገና ማጉያም ሳይሰካ፣ በትንሿ ሬዲዮ ብቻ አብረዋት ሲመቱ ሰምታ፣ «አሁን ወንበሬን አገኘሁ» አለች።

ሠርጉ በጥር፣ በቅዳሜ ቀን ነበር። የሆቴሉ ግቢ ዳስ ተጥሎበት፣ ቄጤማ ተጎዝጉዞ ነበር። አቧራው እንግዳውን እንዳያስቸግር ሙዚቀኞቹ የሚቆሙበትን መሬት ጠዋት በባልዲ ውሃ አርሰውታል። የሆቴሉ ጄኔሬተር ከኋላ ይጮኻል። ሙሽሮቹ ከቤተ ክርስቲያን እየመጡ ነው ሲባል ሁሉም ነገር ችኮላ ሆነ። ሁንዴሳ ማጉያውን አምጥቶ አስቀመጠ፣ ሶኬቱን ሰካ፣ ሁለቱን ጊታሮች አገናኘ። ማይክሮፎኑ የሆቴሉ ነው፤ ከሌላ ማጉያ ጋር የተያያዘ፣ ረጅም የብረት ዘንጉ እርጥቡ መሬት ውስጥ የተተከለ።

ሦስት ዘፈን በሰላም አለፈ። እንዲያውም አጠገቤ የተቀመጠ የበደሌ ሰው የሀረገወይንን ግጥም ቃል በቃል እየተከተለ ራሱን ሲነቀንቅ አይቻለሁ። በአራተኛው ላይ ሀረገወይን ማይክሮፎኑ ዝቅ እንዲልላት ለደበሳ ምልክት ሰጠችው። ደበሳ ግራ እጁን ከጊታሩ ክሮች ሳያነሳ በቀኙ ዘንጉን ጨበጠ።

አልጮኸም። ያስደነገጠን እሱ ነው። ማጉያው እንደ ንብ መንጋ አጉረመረመ፤ ደበሳ አፉን ከፍቶ፣ አንገቱ ተገትሮ፣ ሁለት እጆቹ እንደተጨበጡ ይንቀጠቀጣል። ሀረገወይን እጇን ዘረጋች። ሁንዴሳ፣ «እንዳትነኪው!» ብሎ ጮኸና የማጉያውን ገመድ በሁለት እጁ ይዞ ከነሶኬቱ መነጨቀው። ደበሳ ከነጊታሩ እርጥቡ መሬት ላይ ወደቀ።

ልቡ ትመታ ነበር። በመኪና ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዱት። የግራ እጁ ጣቶች ክሮቹ በነኩበት ሁሉ መስመር መስመር ሆነው ተቃጥለዋል። ዳሱ ውስጥ ሴቶቹ ያለቅሳሉ፣ ሽማግሌዎቹ ሁንዴሳን ከበው ምን እንደሆነ ይጠይቁታል። 

«ጊታሩ ነው» አለ። «ማጉያዬ አምስት ዓመት ማንንም ነክቶ አያውቅም።»

ይህቺ ንግግር ከአፉ ስትወጣ ሰምቻታለሁ። ውሸት አልነበረችም፤ ማጉያው እውነትም ማንንም ነክቶ አያውቅም። ከእንግዶቹ መካከል የነበሩት ጋሼ ሸዋንግዛው ግን ተነስተው፣ «ነግሬው ነበር፤ የሞተ ሰው ዕቃ ነው» አሉ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬውን የሚያቆመው አልተገኘም። ደርበውንም የገደለው ጊታሩ እንደሆነ፣ ሴትየዋ ዐውቃ እንደሸጠችው ተወራ። ይሰበር ያሉ ነበሩ፤ ይቃጠል ያሉም ነበሩ። ሁንዴሳ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ወደ ሱቁ ወሰደው።

እሑድ ጠዋት የደበሳ ታላቅ ወንድም ኩመራ ከያዮ ደረሰ። ኩመራ ደበሳን እንደ አባት ያሳደገ፣ ንግግር የማያበዛ ገበሬ ነው። ወንድሙን አይቶ በቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ ሄደና አመለከተ። ዘውደነሽ የተባለችው ሴት ማክሰኞ መቱ ጣቢያ እንድትቀርብ ወደ ቡሬ ተላከ።

በዚያው ጠዋት ሁንዴሳ የጊታሩን በሽታ ሊያገኝ ፈትቶት ነበር። ያገኘው ንጹሕ ሥራ ነው። ክሮቹ ያረፉበት ብረት በደህና ሽቦ ከገመዱ ጋር ተያይዟል፤ የሠራው ሰው ዕውቀት ያለው ነው። ግራ ገባው። ቡሬ ላይም ሆነ በልምምዱ በባትሪ ሲሞክሩት ለምን እንዳልነካቸው አሰበ። ከዚያ ዓይኑ ማጉያው ላይ ዐረፈ፣ ከማጉያውም ሶኬቱ ላይ። ሶኬቱ በአንድ ጎኑ ደብዛው ሊጠፋ የደረሰ ቀይ ምልክት አለው።

ምልክቱን ያደረገው ራሱ ነው፣ ከአምስት ዓመት በፊት፣ በሚስቱ በሽብሬ የጥፍር ቀለም። ማጉያው የተሠራበት አሮጌ ሬዲዮ የመብራቱን ኃይል ከሳጥኑ የሚለይ ትራንስፎርመር አልነበረውም። ከመብራት ከሚመጡት ሁለት ሽቦዎች አንዷ በቀጥታ ከብረት ሳጥኑ ጋር ትገናኛለች። ሶኬቱ ምልክቱ ወደ ላይ ሆኖ ከተሰካ ሳጥኑ ምንም የለበትም፤ ተገልብጦ ከተሰካ ሳጥኑ ራሱ ኤሌክትሪክ ይሆናል። ወፍራሙ ጊታር ክሮቹ ያረፉት እንጨት ላይ ስለሆነ እንደ ቀጭኑ በገመዱ በኩል ከሳጥኑ ጋር የሚያገናኛቸው ነገር የለም፤ በየትኛውም ወገን ቢሰካ የሚመታውን ሰው አይነካም። ስለዚህ ከጊዜ ብዛት ሁንዴሳ ምልክቱን ማየት ትቶ ነበር። ቅዳሜ ዕለትም አላየውም።

ለማረጋገጥ የልብስ ሰፊው ቤት የሚጠቀምበትን ትንሽ ጄኔሬተር አስነሳ። ሶኬቱን ገልብጦ ሰካ። የበራፉን መሬት በውሃ አርሶ ሚስማር ተከለበትና በሚስማሩና በቀጭኑ ጊታር ክር መካከል አንድ አምፖል በሽቦ አገናኘ። አምፖሉ ቦግ አለ።

ሽብሬ ምሳ ይዛ የገባችው በዚህ ጊዜ ነው። አምፖሉን አየች፣ ጊታሩን አየች።

«ጊታሩ ነው?» አለችው።

ሁንዴሳ ሶኬቱን ነቅሎ አዙሮ ሰካው። አምፖሉ ጠፋ። ጊታሩን ማንም አልነካውም። ሽብሬ የሬዲዮ ሥራ ባትማርም ከጠጋኝ ጋር ዐሥር ዓመት ኖራለች፤ ገባት። ምሳውን አስቀምጣ በርጩማው ላይ ተቀመጠች።

«ሌላ ሰው ይህን ሊያውቅ ይችላል?»

«እዚህ አገር? ማንም።»

 ሱቁ ውስጥ ግድግዳውን ሞልተው የተደረደሩት የሰው ሬዲዮዎች ነበሩ። ሁለቱም ያዩዋቸው ነበር።

«ሴትየዋ ልጅ አላት?» አለች ሽብሬ በመጨረሻ።

ሁንዴሳ እንደማያውቅ ነገራት። ሽብሬ ሌላ አልጠየቀችም፣ ይህን አድርግ ይህን ተው አላለችውም። ሳህኑን እንደሞላ ይዛው ተመለሰች።

ሰኞ ኩመራ ሱቁ መጣ። ሁንዴሳ ሲያየው ከበርጩማው ተነሳ። ኩመራ ግን ቆቡን አውልቆ አቀፈው፣ ጉንጩን ሳመው። ወንድሙን ያተረፈለት ገመዱን የነቀለው ሰው እንደሆነ ሁሉም ነግሮታል። ጊታሩን ለፖሊስ ሊያስረክብ ፈልጎ ነበር። ሁንዴሳ ነገ ራሱ ይዞት እንደሚመጣ ነገረው። ሌላውን ነገር ለመናገር አፉን ከፈተ፤ ኩመራ ግን አንድ ጊዜ እንደገና ትከሻውን ጨበጠውና ወጣ። ሁንዴሳ ለእኔ ሲነግረኝ፣ ከሁሉም ቀን የከፋችበት ያቺ ሰኞ እንደሆነች ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ሬዲዮ አንዱንም አልነካም።

ማክሰኞ እትዬ ዘውደነሽ በቡና ጭነት መኪና መቱ ደረሱ። ጣቢያው ውስጥ ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበው ቆመዋል። ኩመራ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። እኔ የደበሳ የሥራ ባልደረባ ስለሆንኩ ቃል ለመስጠት ተጠርቼ ነበር። አሥር አለቃው ጠየቃቸው። ባላቸው በዚያ ጊታር ሦስት ዓመት እንደተጫወተ፣ አንድ ጊዜም ክፉ ነገር እንዳላዩበት፣ ባላቸውን የገደለው ወባ መሆኑን መለሱ። ድምፃቸው አይንቀጠቀጥም ነበር። ሁንዴሳ በበሩ ሲገባ ዞረው አዩት። በአንድ እጁ ጊታሩን፣ በሌላው ማጉያውን ይዟል።

«አንተው አይደለህ እንዴ ጆሮህን ለጥፈህ የሰማኸው?» አሉት። «ምን ክፉ ነገር ሰማህበት?»

ሁንዴሳ ሁለቱንም ዕቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ምንም አልሰማሁበትም፣ እትዬ ዘውደነሽ» አለ። «ጊታሩ ጤነኛ ነው። ደበሳን የያዘው እኔ የሠራሁት ማጉያ ነው። የሚሰካበት ወገን አለው፤ ወገኑን ዐውቃለሁ፤ ቅዳሜ ዕለት ሳላይ ገልብጬ ሰካሁት። በጊታሩ ላይ ያሳበብኩትም እኔ ነኝ።»

አሥር አለቃው ብዕሩን እንደያዘ ቀረ። ኩመራ ተነሳ። እኔ የሚመታው መስሎኝ ወደ ፊት ተራመድኩ። ኩመራ ግን በአጠገቡ አልፎ ወጣ። ግቢው ውስጥ ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ፤ ምን ያህል እንደቆመ አላውቅም። ሲመለስ ፊቱ እንደ ድንጋይ ነው።

«እሺ» አለ። «አሁን ለእሱ ሂድና ንገረው። እኔም እሰማለሁ።»

ጤና ጣቢያው ውስጥ ደበሳ ትራስ ተደግፎ ተቀምጦ ነበር። የግራ እጁ በፋሻ ተጠቅልሏል። ሁንዴሳ ከአልጋው እግርጌ ቆሞ ጣቢያ ውስጥ ያለውን ደገመ። ደበሳ እስኪጨርስ ሰማው።

«ምልክቱን ረስተኸው ነበር?» አለው።

«አዎ።»

«ዳሱ ውስጥ ጊታሩ ነው ስትልስ? እውነት መስሎህ ነው?»

ሁንዴሳ ቶሎ አልመለሰም። «መስሎኝ ነው» አለ በኋላ። «ግን እንዲመስለኝ ፈልጌ ነበር።»

ደበሳ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ በኋላ ሁንዴሳ ለሁለት ወር በየቀኑ እየሄደ ጎበኘው፤ ደበሳ ሰላምታ ከመመለስ በቀር አላነጋገረውም። እኔን ግን ቢሮ ከተመለሰ በኋላ፣ ከእጁ ይልቅ የከነከነው ሁንዴሳ ራሱ ሰምቶ የመረጠውን ጊታር ነፍሰ ገዳይ ማሰኘቱ እንደሆነ አጫውቶኛል።

ኩመራ ክሱን ተወው። እትዬ ዘውደነሽ ግን ጊታሩን ትተው አልሄዱም። ሁንዴሳ ይቅርታ ሲጠይቃቸው፣ ይቅር እንዳሉት፣ ነገር ግን ያንን ስም ይዞ ጊታሩ መቱ እንደማያድር ነገሩት። በነጠላቸው ጠቅልለው፣ በዚያው ቀን አውቶቡስ ላይ ታቅፈውት ተመለሱ።

ወሬው ለሁንዴሳ አልራራለትም። ሰው ሬዲዮውን እየመጣ ወሰደ፤ ግድግዳው ባዶ ሆነ። እትዬ በየነች ከጅማ ሙዚቀኞች አስመጡ። ሁንዴሳ ያን ማጉያ አፈራርሶ በትራንስፎርመር እንደገና ሠራው፤ ለሳጥኑም የመሬት ሽቦ አሰረለት። ከዚያ የመሣሪያ ቦርሳውን ይዞ እስከ ፋሲካ ድረስ ቤት ለቤት ዞረ። ማጉያው እንደተሠራበት አሮጌ ሬዲዮ ትራንስፎርመር የሌላቸውን፣ በእጁ ያለፉትን ሬዲዮዎች ሁሉ አንድ በአንድ አየ። ደጃፍ ላይ ቁመህ ተናገር ያሉት ነበሩ። የሶር ፏፏቴ አካባቢ የሚኖሩ አንድ ቄስ ዘንድ በእግሩ ሄዶ፣ ዝናብ እየመታው፣ የሬዲዮአቸውን ጀርባ ከፍቶ ተመለከተና ደህና መሆኑን ነግሯቸው ምንም ሳይቀምስ ተመለሰ። ሁለት ቤት ውስጥ አደገኛ ሆኖ አግኝቶ እዚያው አስተካክሏል።

በግንቦት መጨረሻ ደበሳ ከቢሮ የአንድ ቀን ፈቃድ ጠየቀ። የት እንደሚሄድ አልነገረኝም። የቀለበት ጣቱ እስከ መጨረሻው አይታጠፍለትም ነበር። በማግስቱ ከቡሬ ተመልሶ ሱቁ ገባና በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ገሪዳ» አለ። «ደህና ነው። ተለማመድ፣ ሰኔ ላይ እንጫወታለን።»

ሁንዴሳ ቀና ብሎ አላየውም። ማየት አልቻለም።

የጅማዎቹ ክረምቱን ሸሽተው ሄደው ነበርና እትዬ በየነች ፈቀዱ። በሰኔ በአንዲት ቅዳሜ የሆቴሉ አዳራሽ ሰው ሞልቶ ነበር፤ ግማሹ የመጣው ለሙዚቃው አይደለም። ሀረገወይን ማይክሮፎኑ ጋ ስትደርስ ቆመች። ሁለቱን ጊታሮች አየች፤ ደበሳ ቀጭኑን አንስቶ ነበር።

«ለሁንዴሳ ስጠው» አለች። «መጀመሪያ እሱ ይያዘው።»

 ሁንዴሳ ጫማውንና ካልሲውን አወለቀ። አንዲት አስተናጋጅ ሀረገወይን ባዘዘቻት መሠረት አንድ ጣሳ ውሃ እግሩ ሥር ሲሚንቶው ላይ አፈሰሰች። ማጉያው በርቷል። ሁንዴሳ ግራ እጁን ስድስቱም ክሮች ላይ አሳርፎ ቀኙን ወደ ማይክሮፎኑ ዘንግ ዘረጋ። እጁ መንገድ ላይ አንድ ጊዜ ቆመች። ሽብሬ በሩ አጠገብ ነበረች፤ ነጠላዋን ነክሳ ታየዋለች። ከዚያ ጨበጠው።

ምንም አልሆነም። ጨብጦ ቆየ፣ ከሚያስፈልገው በላይ ቆየ፤ ደበሳ ራሱ መጥቶ ጊታሩን ከእጁ እስኪወስድ ድረስ።

ሀረገወይን ዘፈነች። ወፍራሙ ከታች ሄደ፣ ቀጭኑ በማይታጠፈው ጣት ምክንያት እንደ ድሮው ሳይጣደፍ ጥቂት ጥቂት እየጨመረ ተከተለ። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ እንኳን ቃሏ ከበሩ ማዶ ይሰማ ነበር። ሰው ወዲያው አልጨፈረም። ሦስተኛው ዘፈን ላይ አንድ ሁለቱ ተነሱ፣ ከዚያ ሌላውም።

የሁንዴሳ ሱቅ ለመሙላት ሌላ አንድ ዓመት ፈጀበት። ኩመራ ከያዮ ሲመጣ ይጎበኘዋል፤ ማር ያመጣለታል፤ ስላለፈው ነገር ግን አያነሳበትም፣ እንደ ያኔዋ ሰኞም አቅፎት አያውቅም። ሀረገወይን በ1965 አግብታ ወደ ጅማ ሄደች። ሁለቱ ጓደኛሞች ሌሎች ዘፋኞችን ሞከሩ፤ አንዷም አልሆነቻቸውም። እሑድ ከሰዓት በኋላ በዚያ መንገድ ሳልፍ ሱቁ ውስጥ በሩን ገርበብ አድርገው ለራሳቸው ሲመቱ እሰማለሁ፤ አንዳንድ ጊዜ ገብቼ እቀመጣለሁ።